እሹሩሩ ለጭራቅ፦ የአንባቢያን የሙዚቃ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ካርቱን የሚሠራ ልጅ በዝቷል መሰለኝ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አኒሜሽን ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ናቸው። ያውም ጭራቅ፣ ጋኔንና ጅብ ስለሞላበት ዓይነት። ስለ ሠርግ ባንድ የጻፋችሁልኝ አትቀየሙኝ፤ የእናንተ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፤ ከጉዳዩ ውስጥ ዋናው ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? እኔና ጓደኞቼ አራት ኪሎ አንዲት ክፍል ተከራይተን የ22 ደቂቃ አኒሜሽን እየሠራን ነው። አንዲት ልጅ የታናሽ ወንድሟን ድምፅ የሰረቀ ጭራቅ ፍለጋ ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ሙዚቃው የኔ ድርሻ ነው። ዳይሬክተራችን ለጊዜው ከውጭ ፊልም የተወሰደ ትልቅ ኳየርና ጥሩምባ ለጥፎበታል። “እንደዚህ ጨለም ያለ ይሁን” ይለኛል። እኔ ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኪቦርድና ሁለት ማይክ ነው። ከየት ልጀምር? የትኛው ቅኝትስ ነው የሚያስፈራው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልነሳልህ። የሚያስፈራ ቅኝት የሚባል ነገር የለም። ይህን ስልህ ጣትህን ከቅኝቶቻችን አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ ላይ አስቀምጠህ እየጠበቅከኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ከሲ (C) ብትነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ቶን ተጠጋግተው፣ ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሲ እና ጂ ፍላት አብረው ሲመቱ ደግሞ የፈረንጅ ጆሮ ይሳቀቃል። ለፈረንጅ ተመልካች እሺ። የኛ ሰው ግን በአንቺሆዬ የፍቅር ዘፈን ሲሰማበት የኖረ ነው። ጭራቁ ብቅ ሲል ተመልካችህ ትከሻውን ቢነቀንቅ ምን ልትል ነው?

ፍርሃቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የካርቱን ፊልም ሲወለድ ዲዳ ነው። ሰው የሚተውንበት ፊልም ሲቀረጽ ማንም ምንም ሳያደርግ የክፍሉ አየር ይገባል፣ የልብስ ኮሽታ ይገባል፣ ሩቅ የሚጮህ ውሻ ይገባል። እናንተ የሣላችሁት ጉድጓድ ውስጥ ግን ሰው ካልጨመረው በቀር ምንም የለም። ልጅቷ አትተነፍስም። ይህ ባዶነት አቀናባሪን ያስደነግጠዋል። ከዚያ ከመጀመሪያው ሰኮንድ እስከ መጨረሻው ስም ዝርዝር ሙዚቃ ይጎዘጉዝበታል። ጭራቁ ሲመጣ ታዲያ የሚቀረው አንድ መላ ብቻ ነው፤ ድምፅ መጨመር። ዳይሬክተርህ የለጠፈው ኳየርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚሊዮን ዶላር ጩኸት ነው፣ ግን ጩኸት ነው።

ስለዚህ ኪቦርዱን ከመክፈትህ በፊት ሳውንድ ከሚሠራው ልጅ ጋር ቁጭ በልና ፊልሙን ተከፋፈሉት። ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቀው ጠጠር የሱ ነው። የልጅቷ ትንፋሽ የሱ ነው። ገመዱ ሲጥ ሲጥ ሲል የሱ ነው። እሱ በያዘው ቦታ አንተ እጅህን ሰብስብ። በኔ ግምት ከ22 ደቂቃው 12 ወይም 13 ደቂቃ ሙዚቃ ይበቃሃል። ጭራቁ መጀመሪያ የሚታይበትን ቦታ እኔ ብሆን ያለ ሙዚቃ እተወዋለሁ። ሙዚቃው ከ10 ሰኮንድ በፊት ይቁም። ተመልካቹ መቆሙን ራሱ ያስተውል።

ቀጥሎ አኒሜተሩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ልጅቷ አንድ እርምጃ የምትራመደው በስንት ፍሬም፣ ማለትም በስንት ነጠላ ሥዕል ነው? አይናደድብህም፤ እንዲያውም የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። ፊልማችሁ በሰኮንድ 24 ፍሬም ከሆነ በደቂቃ 1440 ነው። 1440ን ለእርምጃዋ ፍሬም አካፍለው፣ ቴምፖህን፣ ማለትም በደቂቃ ስንት ምት እንደምትሄድ አገኘህ። በ12 ፍሬም ከተራመደች 120 ነው። በ16 ከሆነ 90። በ20 ከሆነ 72። ክሊክህን (ምቱን የሚቆጥርልህን ድምፅ) እዚያ ላይ ስትሞላ ሙዚቃውና እግሯ አብረው ይወድቃሉ።

አብረው ይውደቁ ማለቴ ግን አይደለም። እያንዳንዱን እርምጃ በምት ከተከተልክ ድመትና አይጥ ይሆንብሃል። ያስቃል። ይህን መሣሪያ መጀመሪያ ላይ ተጠቀምበት። ጠዋት ከወንድሟ ጋር ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እርምጃዋ 12 ፍሬም ይሁን፣ ክራሩም በ120 እግሯን ይከተል። ተመልካቹ ይላመደው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ትፈራለች፣ እርምጃዋም ወደ 16 ፍሬም ይዘገያል። አንተ ክራሩን እዚያው 120 ላይ ተወው። አራት የክራር ምት ሦስት እርምጃ ላይ ይወድቃል። በየሁለት ሰኮንዱ ይገናኛሉ፣ ደግሞ ይለያያሉ። ተመልካቹ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ብቻ ወንበሩ አይመቸውም። ጨለም ያለ የሚባለው ይህ ነው፤ አንድም ጥሩምባ አላስፈለገህም።

አሁን ወደ ዜማው። ጭራቁ የሰረቀው የወንድሟን ድምፅ ነው አይደል? እንግዲያው ለጭራቁ የራሱ ዜማ አትጻፍለት። የሰረቀውን ያዚም። መጀመሪያ ትዕይንት ላይ እህት ወንድሟን እሹሩሩ እያለች ታስተኛው። ዜማው ከአራት መስመር አይብለጥ፣ በትዝታ ሜጀር ይሁን፣ እሷም በአፏ ብቻ ታዚመው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከሩቅ ያንኑ ዜማ በማሲንቆ አምጣው። በመጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ኢ ን በግማሽ ቶን ዝቅ አድርግ። ሰሚው ልክ ነው ልክ አይደለም እያለ ይጠራጠራል። ሁለተኛ ሲመጣ ኤ ንም ዝቅ አድርገው። አሁን ሙሉ በሙሉ ትዝታ ማይነር ውስጥ ገባህ፤ ሲ፣ ዲና ጂ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። እናቱ እሹሩሩ ስትለው ያደገ ሰው ሁሉ ይህ ምን እንደሚያደርገው ታያለህ።

ማሲንቆውን ስትቀዳ ተጫዋቹ ደጋኑን በጣም በዝግታ፣ ጫን እያደረገ ይሳበው። ድምፁ መሃል ላይ ይሰነጠቃል፤ ያቺን ስንጥቅ ነው የምትፈልገው። ተጫዋቹ “ተበላሸ፣ እንደገና” ሲልህ እሺ በለውና ያንን ትራክ ደብቀህ አስቀምጥ። ከዚያ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው። አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል። ማይኩና ካርዱ ከፈቀዱልህ በ96 ኪሎኸርዝ ቅዳው፤ ስታዘገየው ድምፁ ታፍኖ አይቀርም።

እምቢልታ ነፊዎች የምታገኝ ከሆነ ደግሞ እድለኛ ነህ። እምቢልታ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ብቻውን ዜማ አይሆንም። ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት እምቢልታ ይዞ እየተቀባበለ ነው ዜማው የሚወጣው። ሦስቱንም በየራሳቸው ትራክ ቅዳቸው። የቤተሰቡ ዜማ በሦስቱ ይሠራ፤ እናት፣ እህት፣ ወንድም። የልጁ ድምፅ ከተሰረቀ በኋላ አንዱን ትራክ ዝጋው። ሌሎቹን አትንካ፣ እንዳሉ ይቀጥሉ። የሱ ተራ ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ዜማው በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ጎደሎ ነው። ነፊ ካጣህ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት የውሃ ቧንቧ ቁራጮች አፋቸው ላይ እየነፋህ ሞክር። ሥልጡን ድምፅ አይሆንም፣ ግን ለጉድጓድ አያንስም።

በሁለት ማይክ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሰዓቱን ነው የምትመርጠው። እኔ የምሠራበት ክፍል ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም አይርቅም። ቀን ቀን ሚኒባሱ፣ ረዳቱና የግንባታ መኪናው ሳይጠሩ ይቀዳሉ። የሚሆነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያና አዛኑ ይመጣሉ። እነሱን ደግሞ ዝም በሉ አትላቸውም። ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ስቀል። ፍሪጁን ንቀለው። (ጠዋት መልሰህ ስካው፣ ሥጋው ከተበላሸ የሙዚቃ ሥራህ እዚያው ያበቃል።) ዝናብ ሲመጣ ግን አትማረር። ማይኩን አውጥተህ የቆርቆሮ ጣሪያውን ቅዳ፣ በግማሽ ፍጥነትም ስማው። ከዚያ በኋላ ከኢንተርኔት የወረደ “የጨለማ ድባብ” አትፈልግም።

ልጅቷ ስትናገር ዋሽንት አታስገባ። ዋሽንትና የልጅ ድምፅ አንድ ሰፈር ናቸው፣ ይጋፋሉ። ከሥር ማሲንቆ ወይም ወፈር ያለ ነገር ይሁን።

የዳይሬክተርህ ነገር። ከዚያ ኳየር ጋር ወራት ከኖረ ሌላ ምንም አይጥመውም። ይህ በሽታ በየአገሩ አለ። መድኃኒቱ መቅደም ነው። ጃፓናዊው ጆ ሂሳይሺ ለሃያኦ ሚያዛኪ ፊልሞች ሲሠራ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ሳያልቅ ከሐሳቡ ብቻ ተነስቶ አንድ አልበም ሙሉ ሙዚቃ ያዘጋጃል፤ የፊልሙ ሙዚቃ በኋላ ከዚያ ይወጣል። አንተም ሦስት አጫጭር ዜማ ዛሬውኑ በስልክህ እንኳ ቀድተህ ስጠው። በአኒማቲኩ (ሥዕሉ ሳያልቅ በንድፍ በተያያዘው ፊልም) ላይ የሱን አንስቶ ያንተን ይለጥፍ። ከለመደ አይቀር ያንተን ይልመድ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ፣ በገናም እደረድራለሁ። የሰፈሬ ልጆች ለሚሠሩት የጋኔን ካርቱን “በገና ደርድሪልን፣ ድምፁ ያስፈራል” ይሉኛል። ኃጢአት ነው ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ እሱን ለንስሐ አባቴ እተወዋለሁ። እንደ ሙዚቀኛ ምን ይላሉ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አትደርድሪላቸው። በሃይማኖቱ እኔም አልገባም፣ በሙዚቃው ነው የምልሽ። በዐቢይ ጾም በገና ሲሰማ ያደገ ተመልካች በገናውን ሲሰማ የሚመጣበት ጸሎትና ለቅሶ ነው። ልጆቹ የፈለጉት ጋኔን ነው። ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ይጣላሉ፣ ጋኔኑም ይሸነፋል። ፊልሙ ውስጥ ጭራቁን የምትቃወም አያት ካለች ግን ለሷ ደርድሪላት። የራስሽን ቃል፣ የራስሽን ዜማ። እዚያ ቦታው ነው።

ልጆቹ ከበገናው የወደዱት ግን ምኑን እንደሆነ ልንገርሽ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። እንዚራውን ነው። በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው እንጨት፣ በብርኩማው መካከል የምታስገቢያት ያቺ ቁራጭ ቆዳ ናት አውታሩን እዝዝዝ የምታሰኘው። እሱን ብልሃት ከበገናው ነጥሎ መውሰድ ይቻላል። ክራር ላይ ቀጭን ቆዳ አውታሩ ሥር አስገብተው፣ ክሩን አላልተው ይቃኙት። የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ነገር ይወጣዋል። ማንም ሰው ጾም ውስጥ ያለ አይመስለውም።

ይህ ንዝረት ሌላም ጥቅም አለው። ካርቱኑን አብዛኛው ሰው በስልክ ነው የሚያየው። የስልክ ስፒከር ወፍራም ድምፅ አያወጣም። ከበሮውን በትልቁ ፊቱ ብቻ ከቀዱት ስልክ ላይ ጠፍቶ ይቀራል። የሚነዝር አውታር ግን ከራሱ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይዞ ይወጣል። ጆሮ እነሱን ይዞ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ከአሥሩ የበገና አውታሮች ወፍራሙ እንኳ በትንሽ ስፒከር ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪልኝ። ከቅዳሴ ካሴት ቆርጠው ወደ ኋላ እያጫወቱ “ድባብ” የሚሠሩ አሉ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የማንም ሰው የድምፅ ጎተራ አይደሉም። አስፈሪ ዝማሬ ካማራቸው ቃል ይፍጠሩ። ፈረንሳዊው ብሩኖ ኩሌ እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው ኮራላይን ለተባለው አኒሜሽን ሲያቀናብር ሕፃናቱን ያዘመረው ትርጉም በሌለው፣ ለፊልሙ በተፈጠረ ቋንቋ ነው። ማንንም አላስቀየመም፣ አስፈርቷልም። የሰፈር ሕፃናት ሰብስበው ፊደል ያምታቱ፤ እኛ ፊደል አናጣም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአኒሜሽን ፊልም አዘጋጅ ነኝ። አቀናባሪያችን “ሙዚቃው ከተጀመረ በኋላ ሥዕሉን አትንኩ” ብሎ ሊያሳብደኝ ነው። እኔ ደግሞ ትዕይንቱ ሲረዝምብኝ መቁረጥ አለብኝ። ማን ነው ልክ? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ወይዘሮ፣ እሱ ነው ልክ፤ ግን መቁረጥዎ አይቀርም። ስለዚህ በሒሳብ ይስማሙ። ፊልምዎ በሰኮንድ 24 ፍሬም ሆኖ ሙዚቃው በ120 ከሄደና በአራት ምት ከተቆጠረ አንድ ባር (አራቱ ምት አንድ ላይ) 48 ፍሬም ነው። 48 ቢያወጡ እሱም አንድ ባር አውጥቶ ይሰፋዋል፣ ማንም አያውቅም። 31 ፍሬም ካወጡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲረግምዎ ያድራል። ከመቁረጥዎ በፊት ደውለው “እዚህ ጋ ባሩ ስንት ፍሬም ነው?” ይበሉት። እያንዳንዱን የሙዚቃ ክፍልም ቁጥር ይስጡት፣ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት በሠንጠረዥ ይያዙ። የቆረጡት በየትኛው ላይ እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ኖታ ማንበብ አልችልም። ለካርቱን ማቀናበር እችላለሁ? (ከአምባሳደር)

መልስ፦ ትችላለህ። ላፕቶፕህ ይጽፍልሃል። ዋሽንቱንና ማሲንቆውን የሚጫወቱልህ ሰዎችም ብዙዎቹ የሚይዙት በጆሮ ነው፤ አዚምላቸው። ቫዮሊንና ቼሎ የምትቀጥር ከሆነ ግን ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ልጅ ፈልገህ የየተጫዋቹን ኖታ ይጻፍልህ፣ ገንዘቡንም ክፈለው። ስቱዲዮ በሰዓት እየቆጠረ አራት ሰው ፊት “ታ-ራ-ራም” ማለት ያስከፍልሃል።

ጥያቄ፦ ለአንድ አጭር አኒሜሽን ሙዚቃ ሠርቼ ልሰጥ ነው። የተነጋገርነው በአፍ ብቻ ነው። ሙዚቃው በኋላ የማን ነው የሚሆነው? (ከለገሃር)

መልስ፦ በአፍ ብቻ ከሆነማ የጠብ ነው የሚሆነው። ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ያንተ ጉዳይ ላይ ልብ የምትለው ነገር አለ። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሲሆን ውሉ ሌላ ካላለ ሕጉ የሚያደላው ወዳዘዘው ሰው ነው። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ፦ ሙዚቃው ለዚህ ፊልም ብቻ መሆኑ፣ ዜማውን ለብቻው ማውጣትና መሸጥ የምትችለው አንተ መሆንህ፣ ስምህ በፊልሙ መጨረሻ የሚጻፍበት አጻጻፍ። ዳይሬክተሩ ስንት ጊዜ “ቀይርልኝ” ማለት እንደሚችልም ቁጥር አስቀምጥለት። እኔ ሁለት ጊዜ እላለሁ፣ ሦስተኛው በክፍያ። ግማሹን ቀብድ ተቀበል። ቀሪው እስኪከፈል የምትልከው ሁሉም ትራክ የተዋሃደበትን ሚክስ ብቻ ነው፤ የየመሣሪያው ትራክ አንተ ጋ ይቆይ።